ለረጅሙ መንገድ የሚሆን ማጫወቻ

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ያ ሳልሽ ለቀቀሽ? የላቦራቶሪያችሁ ማሞቂያስ ተሠራ ወይስ አሁንም ካፖርት ለብሰሽ ነው የምትሠሪው? እኛ ደህና ነን። የእናትሽ ጉልበት ጠዋት ጠዋት ይይዛታል፤ ከሰዓት በኋላ ግን መታመሟን ትረሳና ደረጃውን እየሮጠች ትወጣዋለች። እኔም ደህና ነኝ። ዓይኔ ጎበዝ ነው፤ የደከመው መነጽሬ ነው።

ይህን በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር። ግን አንቺ በደወልሽ ቁጥር እናትሽ ድምፅ ማጉያውን ከፍታ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ እኔ የምለው ደግሞ ጠረጴዛ ላይ የሚሰጣ ነገር አይደለም። አንቺም ብትሆኚ ከስልክ ይልቅ ወረቀት ስለምታምኚ ይኸው ጻፍኩልሽ።

ደብዳቤሽ የደረሰን የዛሬ ሁለት ሳምንት ገደማ፣ ማክሰኞ ነው። እናትሽ ጮክ ብላ አነበበችው። ወደዚህ መዛወር እንደተፈቀደልሽ፣ ዕቃሽ አንድ ሻንጣና ሁለት ካርቶን ብቻ መሆኑን፣ በመኪና መጥቼ እንድወስድሽ ጽፈሻል። ከታች ደግሞ፣ "ጋሼ፣ መኪናው ውስጥ የሚሆን አንድ ሙዚቃ ማጫወቻ ፈልግልኝ። መንገዱ ዘጠኝ ሰዓት ይፈጃል፤ ዘፈን እየሰማሁ ብተኛ ደስ ይለኛል" ይላል። እናትሽ እዚህ ላይ ስትደርስ ወረቀቱን በብብቷ ይዛ አጨበጨበች። "እኔ ስንት ዓመት የለመንኩትን የመኪና ሙዚቃ ልጄ በአንድ መስመር አስፈጸመችው" አለች። አብራኝ መጥታ መንገዱን ሙሉ ስትዘፍን እንደምትመለስም ያኔውኑ ወሰነች።

እኔ በማግሥቱ ደብዳቤውን ጋራዥ ይዤው ሄጄ በምሳ ሰዓት ደግሜ አነበብኩት። በፊት ደብዳቤዎችሽ ሁሉ ሲያልቁ "ሎንጊኖም ሰላም ብሏችኋል" ይሉ ነበር። እጮኛሽን እናትሽ ሎንጊኖ ያለችው በመጀመሪያ ቀን ሲመጣ ከቁመቱ የተነሳ የበራችን ጉበን ግንባሩን ካቀመሰው በኋላ መሆኑን ታስታውሻለሽ። ካለፉት ሦስት ደብዳቤዎችሽ ውስጥ ያንን ሰላምታ ፈልጌ አጣሁት። የዚህኛውን ወረቀት ገልብጬ ጀርባውንም አየሁ። ምንም አልጠየቅሁሽም፤ አሁንም አልጠይቅሽም። አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ቅዳሜ ከእናትሽ ጋር ኤሌክትሮኒክስ መደብር ሄድን። ባለሱቋ መነጽሯን በአንገቷ ያንጠለጠለች፣ የምትሸጠውን ዕቃ ሁሉ ፈትታ የምታውቅ የምትመስል ሴት ናት። ሦስት ማጫወቻ ደረደረችልን። የመጀመሪያው አውራ ጣት የምታህል፣ በጆሮ ማዳመጫ ብቻ የምትሰማ ነበረች። እናትሽ አልፈለገቻትም። ልጅቷ ጆሮዋን ደፍና አጠገብህ ከተቀመጠች አንዱን ካርቶን ከፊት ብትጭነው ምን ለየው አለችኝ። ሁለተኛው የራሱ ድምፅ ማጉያ ያለው፣ እንደ ቆርቆሮ ጣሳ ድቡልቡል ያለ ነው። ሦስተኛው የሲጋራ መለኮሻው ቀዳዳ ላይ የሚሰካ ትንሽ ነገር ነው፤ ዘፈኑን ሚሞሪው ላይ ትጭኚለታለሽ፣ እሱ ደግሞ በሞገድ ወደ መኪናው ሬዲዮ ይልከዋል፣ ድምፁም በመኪናው በሮች ይወጣል። ባለሱቋ ይህን ውሰዱ አለችን። ለረጅም መንገድ ከዚህ የተሻለ የለም፤ የሞተር ድምፅ አያሸንፈውም፣ ቻርጅ አለቀ የለ ምን የለ። ቀጥላም የመኪናችሁ ሬዲዮ ይሠራል ወይ ብላ ጠየቀች።

አይሠራም አልኩ። ቶሎ ነው ያልኩት። እናትሽ በረጅሙ ተነፈሰችና ለባለሱቋ ሥራዬን ነገረቻት፤ ሃያ ስምንት ዓመት የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ መሆኔን፣ የሰው መኪና ሁሉ እየዘፈነ ከጋራዤ ሲወጣ የራሴ መኪና ቴፕ ግን አሥራ ስድስት ዓመት ዲዳ መሆኑን። ባለሱቋ መነጽሯን አድርጋ አየችኝ። ጎማ ሠሪው ጎረቤቴም በየሳምንቱ "ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች" ሳይለኝ አያልፍም። እኔም ሁልጊዜ ዕቃው ከገበያ ጠፍቷል እላለሁ።

ድቡልቡሉን ገዝተን ወጣን። ዳገቱ ላይ ስንደርስ ሞተሩ ጮኸ፤ ዘፋኙም ድስት ውስጥ ገብቶ የተከደነበት መሰለ። መታጠፊያው ላይ ደግሞ ማጫወቻው ከቦታው ተንከባለለና እናትሽ ጉልበት ላይ ወደቀ። ያውም የሚያመው ላይ። ከዚህ ጋር ዘጠኝ ሰዓት ከምሄድ በእግሬ ብሄድ ይሻለኛል አለች። ሰኞ ለባለሱቋ መለስኩላትና ሦስተኛውን፣ በሬዲዮ የሚሠራውን፣ ይዤ መጣሁ። ለምን ይሄን እንደመረጥኩ አልጠየቀችኝም። ፈገግ አለችና ጠቀለለችልኝ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ልጄ፣ ያ ቴፕ ተበላሽቶ አያውቅም።

ከእናትሽ ጋር ከተጋባን አራተኛ ወራችን ነበር፤ አንቺ ዘጠኝ ዓመትሽ። በየጠዋቱ ትምህርት ቤት አደርስሻለሁ፣ ሃያ አምስት ደቂቃ። አንቺ ከኋላ ቦርሳሽን ታቅፈሽ መስኮቱን ታያለሽ። "ደህና ዋል" የምትዪው እንኳ ለእኔ ሳይሆን ለመኪናው በር ነበር። እኔ ደግሞ መላው ሲጠፋኝ፣ ዝምታው ሁለታችንንም እንዳያሳፍረን ብዬ ሬዲዮውን ከፍ አደርገዋለሁ። ዜናውም፣ የሳሙና ማስታወቂያውም፣ ነገ ይዘንባል አይዘንብም የሚለውም አንድ ሳይቀር በመካከላችን ያልፋል። አንድ ጠዋት ፊውዙ ተቃጠለና መኪናው ውስጥ ጭጭ አለ። የባቡር ማቋረጫው ጋ ቆመን ባቡሩ እስኪያልፍ ስንጠብቅ፣ ከኋላዬ፣

"አባቴን ታውቀው ነበር?" አልሽኝ።

አላውቀውም ነበር። እንደዚያው አልኩሽ። "እስቲ አንቺ ንገሪኝ" አልኩሽ። እስከ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ ነገርሽኝ። ብርቱካን ሲልጥ ልጣጩን ሳይቆርጠው እንደ ጥምጥም አዙሮ በእጅሽ እንደሚያስይዝሽ፣ ጫማውን ሁልጊዜ ከግራው እንደሚጀምር፣ ሆስፒታል በነበረበት ጊዜ ሳትስሚው እንዳትወጪ ጉንጩን ወደ በሩ በኩል አድርጎ እንደሚተኛ። ስትወርጂ ወደ እኔ ዞረሽ "ደህና ዋል" አልሽ። ያን ቀን ጋራዥ ገብቼ የሰው ባትሪ ገልብጬ አስሬ መኪናውን ላቃጥል ነበር።

ከሰዓት በኋላ ፊውዙን ቀየርኩት። በማግሥቱ ሬዲዮው አወራ፣ አንቺ ዝም አልሽ። ሁለት ቀን ጠበቅሁ። በሦስተኛው ቀን፣ አንቺ ጫማሽን እስክታስሪ፣ ጎንበስ አልኩና ደህናውን ፊውዝ ነቅዬ ኪሴ ከተትኩት። የመኪናው ሰዓትም አብሮ ቆመ። ለእናትሽ ተበላሸ አልኳት።

የቀረውን ታውቂዋለሽ። ከኋላ ወንበር ወደ ፊት መጣሽ። እስክሪብቶሽን የወሰደችብሽን ልጅ፣ ያስቸገረሽን ሂሳብ፣ አንደኛ የወጣሽበትንና ሃያ ስድስተኛ የወጣሽበትን ሴሚስተር፣ ሁሉንም የሰማሁት እዚያች መኪና ውስጥ ነው። ዩኒቨርሲቲ ስትገቢ ልመልሰው አስቤ ነበር፤ ግን ለእናትሽ ምን ብዬ? ውሸት ዝገት ነው፤ በጊዜ ካልጠረጉት ብሎኑን ይበላዋል።

ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ብዙ ዘመን በልቤ ኮርቼበታለሁ። አሁን ሳስበው ግን የልጅ ዝምታም የራሷ ንብረት ነው፤ እኔ ሳላንኳኳ ገባሁ። ይቅር በይኝ። ብትቆጪኝም እችለዋለሁ።

ያለፈው ሰኞ እንግዲህ ፊውዙን መለስኩት። ሬዲዮው ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊት በተውኩት ድምፅ ልክ ሲጮህ ጊዜ እናትሽ እጇን እንኳ ሳታደርቅ ወጣች። ሠራኸው ወይ አለችኝ። ከዚያ በኋላ መዋሸት አልቻልኩም፤ ከላይ የጻፍኩልሽን ሁሉ ነገርኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። የተሳፋሪውን በር ከፍታ እግሯን ወደ ውጭ አድርጋ ተቀመጠች። ምን ምን ትነግርህ ነበር አለችኝ። አንዱን ብቻ ነገርኳት፤ የመጀመሪያውን፣ የአባትሽን።

"እኔ እኮ የረሳችው መስሎኝ ነበር" አለች። "አንድ ቀን እንኳ ስሙን አንስታብኝ አታውቅም።"

"አንቺ እንዳታለቅሺ ብላ ነው" አልኳት። እናትሽም አንቺን እንዳታስለቅስ ብላ አታነሳውም ነበር። አንድ ቤት ውስጥ ተቀምጣችሁ እርስ በርስ ስትጠባበቁ ኖራችኋል። ያን ዕለት እሷ አለቀሰች፣ እኔም ሬዲዮውን ዘጋሁት። ከዚያ በኋላ ስለ እሱ ብዙ ነገረችኝ። የብርቱካኑን እሷም ታውቀዋለች።

ትናንት እሑድ ማጫወቻውን ለመሞከር ሁለታችን ብቻ ወጣን። እናትሽ ሁለት ቀን ሙሉ ስታስጭን የከረመችውን ዘፈን ይዛለች፤ መቶ አርባ ናቸው፣ ሰማንያው ስለ ፍቅር ነው። ድምፁ የሚገርም ነው። በሮቹ ሁሉ ይዘፍናሉ። ከተማውን እስክንወጣ አብራ ዘፈነች፤ ትራፊክ መብራቱ ጋ አጠገባችን የቆመው ሾፌር እስኪስቅባት። የጡብ ፋብሪካውን እንዳለፍን ግን እጇን ሰድዳ አጠፋችው። ተበላሸ እንዴ ብዬ ዞር ስል ወደ ፊት ወደ መንገዱ ነው የምታየው።

"አንተም አይተኸዋል?" አለችኝ።

ምኑን ብዬ ጠየቅኋት።

"ሰላምታውን።"

አይቼዋለሁ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ለአንቺና ለሎንጊኖ ብላ ከእህቷ ተውሳ ያስገባችውን ሰፊ አልጋ ሐሙስ ዕለት፣ እኔ ጋራዥ እያለሁ፣ መልሳዋለች። በቦታው የድሮ አልጋሽን አስገብታ አንሶላውን አንጥፋለታለች። አራት ቀን ሙሉ እዚያ ክፍል ደጃፍ ስመላለስ እኔ አላየሁም። የሰው መኪና ውስጥ ፀጉር የሚያህል የተቆረጠ ሽቦ የሚታየኝ ሰውዬ!

ከዚያ ሌላ ሳትጨምር አብራኝ እንደማትመጣ ነገረችኝ። መቶ አርባ ዘፈን አስጭነሽ እንዴት ትቀሪያለሽ አልኳት። ጉልበቷን ምክንያት ልታደርግ ጀመረችና ተወችው።

"እኔ ካለሁ አትናገርም፤ እንዳላለቅስ እኔን ስትጠብቅ ትደርሳለች" አለች። "አንተ ብቻህን ሂድ። ግን እንዳትጠይቃት።"

አልጠይቃትም ብዬ ቃል ገባሁ። ማጫወቻውን መልሳ ከፈተችው፣ ግን አልዘፈነችም፤ እጄን ማርሹ ላይ እንዳለ ያዘችው። ሦስተኛ ማርሽ ላይ እንዳለን ቤት ገባን፤ መኪናዋም ችላን።

እንግዲህ የሚመጣው ዓርብ ማታ እዚያ እደርሳለሁ፤ አዳሬ አውቶቡስ ጣቢያው አጠገብ ካለው ማረፊያ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በርሽ ላይ ነኝ። ካርቶኖቹን አንቺ እንዳትሸከሚ፤ ሦስት ፎቅ ገና አላቃተኝም። ከዘፈኖቹ የምትፈልጊው ከሌለ ሚሞሪውን አውጥተሽ የራስሽን ጫኚበት። ብትፈልጊ ዘጠኙን ሰዓት ሙሉ ይዝፈን፣ አንቺም ተኚ፤ እናትሽ ትራስና ቀጭን ብርድ ልብስ አዘጋጅታልሻለች። እኔ ስነዳ ብቻዬን መሆን አይከብደኝም። ማጥፊያው በአንቺ በኩል ነው። ብታጠፊውም ባታጠፊውም እኔ እጄን ወደዚያ አልሰድም።

መንገዱን ያቅናልን። ካሳመመሽ ነገር ሁሉ የሚሻለውን ያምጣልሽ፤ ሳልሽንም ይዞልሽ ይሂድ። እናትሽ ዓይኖችሽን ስማለች፤ እኔም ግንባርሽን።

ያው ጋሼሽ