ከጠረጴዛዬ የጠፋችው ሰባተኛ ገጽ

ለውድ ወንድሜ ለክላይቭ፤

እንደምን ሰነበትክልኝ? ጉልበትህስ እንዴት ሆነ? ሐኪሙ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ደረጃ ትወጣለህ ብሎህ ነበር፤ ወጣህ ወይስ አሁንም ከታች ሆነህ ባለቤትህን ናይሪን ትጣራለህ? እናንተ ዘንድ ሙቀቱ ሲጀምር እኛ ዘንድ ብርዱ በባሕሩ በኩል ገብቶ አጥንታችን ላይ ተቀምጧል። እኔ ከትከሻዬ በቀር ደህና ነኝ። ኖርማንም ደህና ነው፤ ጆሮው ብቻ እንደ ልቡ ሆኗል፣ የሚፈልገውን ይሰማል፣ የማይፈልገውን አይሰማም።

ፖስታውን ስታገላብጠው እንዳየኸው በዚህ ጊዜ ስኮች የለበትም፤ መክደኛው ላይም ፊርማዬን አላሳረፍኩም። በመንገድ ላይ ማን ነካው ብለህ ማንንም አትጠርጥር፤ በምራቄ ብቻ አጣብቄ የላክሁት እኔው ነኝ። አርባ ዓመት ሙሉ በሦስት ዙር ስኮች ሳሽግ ኖሬ ዛሬ ለምን እንደተውኩት መጨረሻ ላይ እነግርሃለሁ። እስከዚያ ታገሠኝ።

ስለ አገሩ ፖለቲካ በስልክ ጠይቀኸኝ ነገሩን ያዞርኩብህ ስልኩን ስለማላምነው ነው። ባለፈው እኔና ኖርማን ስለሚያፈሰው ጣሪያ ስናወራ ውለን፣ በዚያው ቀን የጣሪያ ሠራተኛ ማስታወቂያ ስልኬ ላይ ብቅ አለ። ከዚያ ወዲህ ስልኬ የሚቀመጠው የብስኩት ጣሳ ውስጥ ነው። ኖርማን ይስቅብኛል፤ እኔ ግን ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር ባይ ነኝ። ለንደን ያሉት ደግሞ መታወቂያችንን ስልካችን ውስጥ ሊከቱልን ነው ይላሉ። አባባ የጦርነቱ ጊዜ መታወቂያ ግዴታነቱ ሲቀር የራሱን ምድጃ ውስጥ ጨምሮ እጁን እንደሞቀበት ስንት ጊዜ አጫውቶናል። የቀኙም ሆነ የግራው ሰው ከወንበሩ እስኪደርስ ስለ ነጻነት ይሰብካል፤ ከተቀመጠ በኋላ ዓይኑ ይበዛል።

የእኛም ምክር ቤት ከለንደን ላለማነስ ገበያው መንገድ ላይ አዲስ ካሜራ ላቁም አለ። አሮጌዎቹ ያያሉ እንጂ ማንነትህን አያውቁም። አዲሶቹ ግን ፊት ይለያሉ፤ ዳቦ ልትገዛ ስትወጣ ማን እንደሆንክ ከነስምህ ያውቃሉ። ነገሩን የሚገፋው ፔምበርተን የሚባል የምክር ቤት አባል ነው። ሰውየው ጨዋ ነው፣ ጸጉሩንም በደንብ ያበጥራል፤ ለዚህም ነው የማላምነው። ስብሰባ ላይ ተነሥቶ «ያልሰረቀ ሰው ካሜራ ምን ያስፈራዋል? የሚፈራ የሚደብቀው ያለው ነው» አለና አዳራሹ አጨበጨበለት። ደሜ ፈላ። ሠላሳ አንድ ዓመት ቤተ መጻሕፍት ስሠራ ማን ምን እንዳነበበ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ፖሊስ እንኳ መጥቶ ሲጠይቀኝ «የፍርድ ቤት ወረቀት አምጣ» ብዬ እስከ በሩ ሸኝቼዋለሁ።

ስለዚህ የተቃውሞ ፊርማ ማሰባሰብ ጀመርኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከዶሪን ዳቦ ቤት ፊት ለፊት ተጣጣፊ ጠረጴዛዬን ዘርግቼ፣ በፔርሙዝ ሻይ ይዤ እቀመጣለሁ። አምስት መቶ ሰው ከፈረመ ምክር ቤቱ በጉዳዩ ላይ የመነጋገር ግዴታ አለበት፤ ፊርማው እንዲቆጠር ግን ስምና ሙሉ አድራሻ ያስፈልጋል። ኖርማን ወረቀቱን አይቶ «ስማችንን አትመዝግቡ የሚሉትን ሁሉ ከነቤት ቁጥራቸው መዘገብሽልኝ በይ» አለኝ። ዝም በል አልኩት። የሚያልፈው ሰው ደግሞ ዓይነቱ ብዙ ነው። አንዱ ሽማግሌ «እኔ የምደብቀው የለኝም» ብሎ ሊያልፈኝ ሲል «እንግዲያው ጡረታህ ስንት ነው?» ብዬ ጠየቅኩት። «እሱ ደግሞ ምን አገባሽ?» ብሎ ተቆጣ፤ ተቆጥቶም ፈረመ።

ዶሪን ዘንድ ታምሲን የምትባል ልጅ ትሠራ ነበር። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ወደ ከተማችን ከመጣች ስምንት ወር ሆኗታል። ዝምተኛ ናት፤ ዱቄት የጠገበ ነጭ ጫማዋን እየጎተተች ትሄዳለች፤ ሁልጊዜ ትልቁን ዳቦ ለእኔ ታስቀርልኛለች። አንድ ቅዳሜ ሳህን ይዛ ስትወጣ ፈርሚ አልኳት። «እኔን ይለፈኝ፣ እትዬ ግሌኒስ» አለች ፈገግ ብላ። አልተውኳትም። ብዕሩን እጇ ላይ አስጨብጬ «ምን ትፈሪያለሽ? የሚፈራ እኮ የሚደብቀው ያለው ነው» አልኳት። ለቀልድ ነበር ክላይቭ። የፔምበርተንን ቃል በራሴ አፍ ማውጣቴን ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም። ጎንበስ ብላ ጻፈች፤ ስሟን፣ የቤት ቁጥሯን፣ መንገዷን።

በማግስቱ እሑድ ገጾቹን ስቆጥር ሰባተኛዋ የለችም። አሥራ ስምንት ስም ያለባት ገጽ፤ ታምሲንም እዚያ ላይ ናት። ጠረጴዛውን ገለበጥኩ፣ ቦርሳዬን አራገፍኩ፣ የኖርማንን ኪስ ሳይቀር በረበርኩ። ሰኞ ጠዋት ዶሪን ዘንድ ሮጥኩ። ታምሲን የዕረፍት ቀኗ ነበር። ዶሪን ነገሩን ስትሰማ እጇ ሊጡ ውስጥ እንዳለ ቀረ። «አድራሻዋን ጽፋልሻለች? ግሌኒስ፣ ምን አደረግሽ? ልጅቷ እኮ ከባሏ ሸሽታ ነው የምትኖረው። ሁለት ዓመት ሲፈልጋት ቆይቷል። ባለፈው ከተማ ደርሶባት ክንዷን ሰብሮታል» አለችኝ። ገጿ እጁ ከገባች ልጅቷን በገዛ እጄ ለገዳይዋ ሰጠኋት ማለት ነው።

ልንገራት ወይ ስላት ዶሪን እምቢ አለች፤ ከሰማች በዚያው ሌሊት ትነሣለች፣ መጀመሪያ ወረቀቱን ፈልጊ አለችኝ። እኔም ፔምበርተን ላይ ፈረድኩ። ቅዳሜ ዕለት ጠረጴዛዬ ላይ ተደግፎ ብስኩቴን እየበላ «ስንት ደረሰ?» ሲለኝ ነበርና፣ ከእሱ በቀር ማን ይወስዳል? ማረጋገጫው ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ከጠረጴዛዬ በላይ፣ መብራቱ ምሰሶ ላይ፣ ከአሮጌዎቹ ካሜራዎች አንዱ አለ።

ሳቅብኝ፣ ይገባኛል። ካሜራ አይቁም ብዬ ፊርማ የማሰባስበዋ ሴትዮ ካሜራው ምን አየ ልል ሄድኩ። ሕጉ የራሴን ምስል የማየት መብት ይሰጠኛል፤ ለዚያ ግን ፎርም ሞላሁ፣ ፓስፖርት አሳየሁ፣ የመብራት ቢል አመጣሁ፣ ያን ቀን የለበስኩትን ካፖርት ቀለም ጻፍኩ። ካሜራ ክፍል ያለው ዳረል ልጅ ሆኖ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ያሳደግኩት ነው፤ ቢሆንም «እትዬ ግሌኒስ፣ ሐሙስ ይምጡ። የሌሎቹን ሰዎች ፊት መሸፈን አለብኝ፣ ሕግ ነው» አለኝ። ይህ ሕግ ይውጣ ብለው ከጮኹት አንዷ እኔ ነኝና ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ።

እስከ ሐሙስ ድረስ እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አልቻልኩም። አድራሻ አንዴ ካነበብኩ አልረሳም፤ የቤተ መጻሕፍት ጭንቅላት ነው። ማክሰኞና ረቡዕ የኖርማንን መኪና ወስጄ ከታምሲን ቤት ማዶ አቆምኩና ጠበቅኋት። ማንም እንዳያውቀኝ የኖርማንን ባርኔጣ እስከ ቅንድቤ ደፋሁ። አንድ ወንድ ወደ በሯ ከተጠጋ ጡሩንባ እነፋለሁ፣ ፖሊስ እጠራለሁ እያልኩ ነው። ኖርማን «አንቺ ሴትዮ፣ ሌላ ሰው እንዲህ ቢያደርግ መጀመሪያ የምትከሺው አንቺ ነሽ» አለኝ። እኔ እኮ ልጠብቃት ነው አልኩት። «እነሱም እንደዚያ ነው የሚሉት» ብሎ ጋዜጣውን ገለጠ። ረቡዕ ከሰዓት የፎቁ መጋረጃ በጣት ያህል ተከፍቶ ሲዘጋ አየሁ። ደህና ናት፣ ቤት ውስጥ ናት ብዬ ደስ አለኝ።

ሐሙስ ዳረል ወንበር ስቦልኝ ምስሉን ከፈተ። እኔ ብቻ ፊት አለኝ፤ የሌላው ሰው ሁሉ ፊት ግራጫ አራት ማዕዘን ነው። አንዱ ግራጫ ብስኩት በልቶ ምንም ሳይነካ ሄደ፤ ፔምበርተን ነው። ከዚያ እኔ ፔርሙዙን ልሞላ ወደ ዳቦ ቤቱ ገባሁ። በሌላው በር አንዲት ሴት ወጣች። ዱቄት የጠገበ ነጭ ጫማ አድርጋለች። ግራ ቀኝ አየች፤ ገጾቹን ገለጠች፤ አንዷን አውጥታ አጣጠፈችና ሽርጧ ውስጥ ከተተች። ከመሄዷ በፊት ያ ግራጫ ፊቷ ቀና ብሎ ካሜራውን ተመለከተ። ዳረል «ማን እንደሆነች ያውቋታል?» ሲለኝ «አላውቃትም» አልኩት።

ይለፈኝ ብላኝ ነበር እኮ ክላይቭ። ያልሰማኋት እኔ ነኝ። ገጿም የራሷ እጅ ውስጥ ነበረች፤ ማንም ሊያገኛት አይችልም ነበር።

በሩጫ ዶሪን ዘንድ ደረስኩ። ባንኮኒው ላይ የቆመችው ዶሪን ብቻ ነበረች፤ ዓይኗ ቀልቷል። ታምሲን ጎሕ ሲቀድ መጥታ ነበር አለች፤ የሥራ ልብሷን አጥባ አጣጥፋ መልሳለች። «አገኘኝ አለችኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ግራጫ መኪና ቤቷ ፊት ቆሞ ነበር፤ ባርኔጣ የደፋ ሰው ውስጡ ተቀምጦ» አለችኝ። መኪናው የኖርማን ነው፣ ባርኔጣውን የደፋሁት እኔ ነኝ አልኳት። ደውይላት፣ እኔ መሆኔን ንገሪያት ብዬ ለመንኳት። «ስልኳን ጥላዋለች። ይኼ ሦስተኛ ከተማዋ ነው፤ እንዴት እንደሚጠፋ ታውቅበታለች» አለችና ዳቦዬን ጠቅልላ ሰጠችኝ። ትንሹን ዳቦ ነበር።

ፊርማው አምስት መቶ ሳይሞላ ቀረ፤ ካሜራዎቹም በጸደይ ይቆማሉ። አሁንም አልወዳቸውም፣ ፔምበርተንንም አላምነውም። ግን የሰው በር ላይ ሁለት ቀን ያፈጠጠው ካሜራ አልነበረም። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእኔ ነው።

እንግዲህ ወደ ስኮቹ ልምጣ። መንግሥትን ፈርቼ የማሽግ ይመስልህ ነበር፤ እኔም ለራሴ እንደዚያ ነበር የምለው። ፖስታ እንዴት በቀላሉ እንደሚከፈት የማውቀው ግን ከገዛ እጄ ነው። በ1978 ከኒውዚላንድ የመጣልህን፣ ሥራው ተፈቅዶልሃልና ና የሚለውን ደብዳቤ ማንቆርቆሪያው እንፋሎት ላይ ይዤ የከፈትኩት እኔ ነኝ። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ጥለኸኝ እንዳትሄድ ፈራሁ። አንብቤ መልሼ አጣበቅኩት፣ ለአባባም ነገርኩት። እሱ ቤቱን በላይህ ላይ ሲያናውጥ አንተ የተሸበሸበውን መክደኛ ይዘህ እማማን «አንቺ ነሽ?» አልካት። በሩ ሥር ቆሜ ነበር። አየችኝ። ከዚያ «አዎ፣ እኔ ነኝ» አለችህ።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። ከዚያ በኋላ እስክትሞት አሥራ ስድስት ዓመት ከገና ካርድ በቀር አልጻፍክላትም፤ ለቀብሯም አበባ ላክህ እንጂ አልመጣህም። አልፈርድብህም። እሷ ግን አንድ ቀን እንኳ ነገሩን አንሥታብኝ አታውቅም። ካርድህን ምድጃው መደርደሪያ ላይ እስከ ፋሲካ ታቆየው ነበር።

ታምሲን ያለችበትን አላውቅም፤ ልፈልጋትም መብት የለኝም። ያንተን አድራሻ ግን አውቀዋለሁ፣ ለዚህ ነው የጻፍኩት። በሚመጣው እሑድ እማማ መቃብር ሄጄ ነግሬዋለሁ እላታለሁ።

ናይሪን ሳምልኝ፤ የላከችው የሱፍ ካልሲ እግሬን አድኖታል። ለልጃችሁ ለብሮንዊንና ለባሏ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ትንሹ ልጃቸው ጥርስ ካወጣ ጻፉልኝ። ለዚያ ለአንካሳው ውሻህም ሰላም በልልኝ። ኖርማን ሰላም ብሎሃል፤ ይህን ሁሉ መጻፌን ያውቃል።

መልስህ ከዘገየ፣ ወይም ጭራሽ ከቀረ፣ ፖስታ ቤቱን አልጠረጥርም።

እህትህ ግሌኒስ

ሄልስበርን፣ ላንካሽር
ኖቬምበር 9 ቀን 2025