አባዬ ከነኢማ ጋር የበላው ሽሮ

እሑድ፣ ጥር 17

እንደ ዛሬ አፍሬ አላውቅም። ወንድሜ ዳዊት እጮኛውን ነኢማን ከአባዬ ጋር የሚያስተዋውቅበት እራት ነበር። አባዬ "ከሃይማኖታችን ውጭ ናት" ብሎ ዓመት ሙሉ ስሟ በፊቱ እንዳይነሳ ከልክሎ፣ በስንት ልመና ነው እሺ ያለው። ቦታውን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ያለ ባርቤኪው ቤት። ሙስሊም የክርስቲያን ሥጋ እንደማይበላ እያወቅኩ እንዴት እንደዘነጋሁት እንጃ። ዳዊት ሊነግረኝ ሲል ለካ ነኢማ ራሷ ነች "ተዋት፣ አታሳቅቃት" ያለችው።

ሥጋው ብዙ አስጠብቆን መጣ፤ ላዩ አሯል፣ ውስጡ ጥሬ ነው። ነኢማ ለስላሳዋን ብቻ ትጠጣለች።

"ልጄ፣ ለምን አትበዪም?" አላት አባዬ።

"ጠግቤ ነው አባባ፣ እርስዎ ይብሉ።"

ያኔ ገባው። ወደ እኔ ዞሮ "የሰው ልጅ ጠርተሽ ጦሟን ልታሳድሪያት ነው?" አለኝና አስተናጋጇን ጠራ። "ሽሮ አላችሁ?"

"ለራሳችን የሠራነው ብቻ ነው ያለው፣ አባቴ።"

"እሱን አምጪልን፤ ለእኔና ለልጄ።"

ሥጋውን ወደ እኛ ገፋ አድርጎ ከእሷ ጋር ከአንድ ትሪ በላ። እኔና ዳዊት ያን ድንጋይ ሥጋ እያላመጥን እናያቸዋለን። እንባዬ መጣ።

ስለ ጋብቻው አንድም ቃል አልተናገረም። እኔም አልጠየቅኩም። አያት ሰፈር፣ ቤቱ ስናደርሰው ግን ከመኪናው ወርዶ በመስኮቱ ጎንበስ አለና "ነኢማ፣ በሚቀጥለው እዚህ ነው የምትበዪው" አላት።

ተመስገን አምላኬ። ለዛሬ ይኼ ይበቃኛል።