አባትና ልጅ በአንድ ሰሌዳ

እሑድ፣ የካቲት 8

ቤት ገብቼም ፊቴ መሳቁን አልተወም።

ካዛንቺስ ባዘጋጀነው የፈጣን ቼዝ ውድድር ዋና ዳኛ እኔ ነበርኩ። ጠዋት ሰዓቶቹን ስንሞላ የፈራሁት መብራት እንዳይጠፋ ነበር። የመጣብኝ ግን ሌላ ነው። ለመጨረሻው ዙር ኮምፒውተሩ እኩል ነጥብ ያላቸውን ሲያገናኝ፣ ለዋንጫው የደረሱት ለገሃር ጨርቅ የሚሸጡት አቶ ከማልና ልጃቸው ሐያት ሆኑ። አዳራሹ ተንጫጫ። አብሮኝ የሚዳኘው ዳዊት ጠጋ ብሎ፣ "ቀይሪው በቃ! ለልጃቸው ይለቁላታል፣ ሰው ያማናል" አለኝ። እኔም ፈርቻለሁ። ግን ደንቡ ደንብ ነው፤ አልቀየርኩም። ሄጄ ሰሌዳቸው አጠገብ ቆምኩ።

አቶ ከማል አልራሩላትም። ፈረሷን በሉባት፣ ንጉሧን ጥግ ድረስ አሳደዱባት። ሰዓቷም እያለቀ ነበር። ቢጨንቃት፣ "አባዬ፣ አቻ ይሁን?" አለች።

"ተጫወቺ!" አሏት፣ ቀና እንኳ ሳይሉ።

ተጫወተች። አንዲት ወታደሯን እየገፋች፣ እየገፋች መጨረሻ አደረሰችና ንግሥት አደረገቻት። አባት ሰሌዳውን አዩ፣ አዩና ንጉሣቸውን አጋድመው እጃቸውን ዘረጉላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"የኔ ልጅ፣ ምስክር ሁኚ! አልለቀቅኩላትም፤ አቅቶኝ ነው!"

እንባቸው እየወረደ ይስቃሉ። ዳዊት ከሁሉ ቀድሞ አጨበጨበ። ዳኛ አያጨበጭብም ይባላል፤ እኔም አጨበጨብኩ።