የአራብሳው ቤት ውል

ቦሌ አራብሳ፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለሳምራዊት፣ ኩዌት

ሳምሪዬ፣ አንቺ ደህና ከሆንሽልኝ እኔ ደህና ነኝ። ቀኝ እጄ በጄሶ ስለታሰረ በግራ ነው የምጽፍልሽ፤ ጽሑፉ ቢንጋደድ አትደንግጪ፣ ይድናል ብለውኛል። በስልክ ያልነገርኩሽ ድምፅሽን ስሰማ ግማሹን እንዳልደብቅሽ ፈርቼ ነው።

"ተከራዩን አስወጪና ዋጋ ጨምረሽ ለሌላ ስጪው" ብለሽኝ ነበር። ወጥቷል። እንዴት እንደወጣ ልንገርሽ።

ሰውዬውን ያመጣው ደላላው ካሳዬ ነው። ወንድወሰን ይባላል፣ ሰሚት የበርና የመስኮት ብየዳ ቤት አለው። ሚስቱ ገንዘቤ የሆሳዕና ልጅ ናት። ካሳዬ፣ "እትዬ ፈለቀች፣ ልጅ የላቸውም፤ ግድግዳዎን የሚሞነጫጭር የለም። ውሉ ወረዳ ከተመዘገበ ግን ሁለት ዓመት ማስወጣትም፣ እንዳሻዎ መጨመርም የለም። በቃል ይሁንልዎ" አለኝ። ሕጉን ወረዳው በር ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ቆሜ አንብቤው ነበር። እያወቅኩ ብልጥ የሆንኩ መሰለኝ። የመታወቂያውን ኮፒ እንኳ አልያዝኩም።

በመጀመሪያው ወር ለኪራይ ስሄድ የገንዘቤ አንድ ዓይን አብጦ ተዘግቷል። "በሩ መታኝ፣ እትዬ" አለችኝ። በሁለተኛው ወር ከበላይዋ ያለው ጎረቤት፣ አብዱልጀባር፣ ደረጃው ላይ አስቆመኝና፣ "እትዬ፣ ቤትዎ ውስጥ ሰው እየተገደለ ነው" አለኝ።

"የባልና የሚስት ነገር ነው" አልኩት።

"ሬሳዋ ሲወጣም እንዲሁ ይበሉ" ብሎኝ ወጣ።

በሦስተኛው ወር ቤቱን እንዲለቅ ልነግረው ሄድኩ። እየሳቀ፣ "ውሉ የታለ? ወረዳ ሄጄ 'ያለ ውል ታከራያለች፣ ግብር ትሰውራለች' ብል ማን ነው የሚጎዳው? አርፈሽ ኪራይሽን ተቀበዪ፣ እናት" አለኝ። ገንዘቤ ከጀርባው ቆማ ታየኝ ነበር፤ ከንፈሯ ተሰንጥቋል። ተቀብዬ ወጣሁ። ለአንቺ "ተከራዩ ጨዋ ነው" ያልኩሽ በዚያ ሳምንት ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከታች ያሉት ሰዎች ውሃ ጣራችንን አርሶ እየወረደ ነው ብለው ደወሉ። ሄጄ ባንኳኳ የሚከፍት ጠፋ፤ በትርፍ ቁልፍ ገባሁ። የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ እስከ ጥጉ ተከፍቷል፤ ለካ ጩኸት እንዳይሰማ ነው። ወንድወሰን በጉልበቱ ጀርባዋን ተጭኖ፣ ፀጉሯን ጨምድዶ፣ ፊቷን የልብስ ማጠቢያው ሳፋ ውስጥ ደፍቶታል። ውሃው ቀልቷል። እግሯ መንፈራገጥ አቁሟል።

ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ካውያ አንስቼ ጭንቅላቱን መታሁት። ደገምኩት። ልሠልስ ስል ዞሮ ክንዴን በበርጩማ አለኝ፤ አጥንቴ ሲሰበር ሰማሁት። ገንዘቤ ውሃና ደም እያስመለሰች ቀና ስትል ነው የጮህኩት። አብዱልጀባር ከነወንድሙ ገብቶ ጎትቶ አወጣው። ደረጃው ላይ የብሎኩ ሰው በጫማም በእንጨትም ተረባረበበት። ጥርሱ እግሬ ሥር ወደቀ። "ተዉት" ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ፖሊስ ባይደርስ ገድለውት ነበር፤ እኔም ቆሜ ሳይ ነበር።

ጣቢያ መርማሪዋ፣ "ውሉን ያምጡ፣ መታወቂያውን ያምጡ" ስትለኝ ባዶ እጄን ነበርኩ። "ዶሮ እንኳ ሲገዙ አገላብጠው ያያሉኮ፣ እትዬ" አለችኝ። ሁሉንም ተናገርኩ። ቅጣት ይኖርብናል።

ሰኞ ካሳዬ መጣ። "ደሙን ቀለም ይሸፍነዋል። የባንክ ሠራተኛ አለኝ፣ እጥፍ ይከፍላል። ሴትየዋን ለዘመዶቿ ይላኳት" አለኝ። የኪራዩ ብር ለመመለሻሽ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እሱ ይህን ሲለኝም አውቅ ነበር። ገንዘቤ ከሆስፒታል በወጣች በማግስቱ ወለሉን እየፈተገች ነበር። ሰምታዋለች። ቀና አላለችም።

ማክሰኞ ይዣት ወረዳ ሄድኩ። በሰጠሽኝ ውክልና ቤቱን በእሷ ስም፣ በድሮው ዋጋ፣ ለሁለት ዓመት አከራይቼ አስመዘገብኩት። ሥራ እስክታገኝ ኪራዩ ይዘገያል። ቤቱ የአንቺ ላብ ነው፤ ላስፈቅድሽ ይገባኝ ነበር። "አይሆንም" ብትይኝ ምን እንደማደርግ ስላላወቅኩ ዝም አልኩ። ውክልናውን መሻር መብትሽ ነው።

ቦሌ ሚካኤል የተከራየናትን ክፍል ታስታውሻለሽ? አከራያችን እማማ እንቁ ወር በገባ ቁጥር ይመጡ ነበር። አንቺ አባትሽን ፈርተሽ አልጋው ሥር እንደተደበቅሽ፣ እኔ ፊቴን በነጠላ ሸፍኜ እከፍላቸዋለሁ። ነጠላው ደም ሲያሳይ ዓይናቸውን ወደ ግድግዳው ይመልሱ ነበር። ክፉ ሴት አልነበሩም። ለፋሲካ ቅርጫ ሥጋ ይልኩልን ነበር።

ወንድወሰን በዋስ ሊለቀቅ ይችላል ብለውናል። የበሩን ቁልፍ ለውጠናል። እስኪፈረድበት እኔም እዚህ ከገንዘቤ ጋር ነኝ፤ የምተኛው በሩ አጠገብ ነው።

እመብርሃን በሰው አገር በጥላዋ ትከልልሽ። የአሠሪዎችሽን እጅ ታብርድልሽ፣ ክፉ ቃላቸውን ከጆሮሽ ታርቅልሽ። ምናልባት አንድ ቀን እጁን የሚያነሳብሽ ቢኖር፣ ልጄ፣ እንደ እኔ ሰው እንዳይሰማ ብለሽ አፍሽን አትያዢ። ጩኺ።

እናትሽ
ፈለቀች