ቡሄ በክሪኬት ሜዳ

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 11፣ ማታ
ዛሬም ፒቹ ላይ መሬት መዳመጫውን ሮለር ስጎትት ዋልኩ። ወገቤ የለም። ማስታወሻዬ፣ አንቺው ስሚኝ፤ ቤት ውስጥ ስለ ክሪኬት የሚሰማኝ የለም። ሰብለ ሚስቴ እንኳ የዱላ ጨዋታህ ነው የምትለው።
በሚቀጥለው ቅዳሜ ከባርቤዶስ ቡድን ይመጣል። አገሩን ወክሎ የሚዞር ቡድን፣ ወደ እኛ የባለታክሲዎች ክለብ፣ አሌክሳንድሪያ ድረስ። ካፒቴናችን ራፊቅ ዛሬ ስሜን ከአሥራ አንዱ ውስጥ አስገባው። ፓኪስታናዊ ነው፤ አርሊንግተን ኤርፖርት አብረን እንነዳለን። ተሳፋሪ ስንጠብቅ ጨዋታውን ያስተማረኝ እሱ ነው። ስድስት ዓመት ለተጫዋች ውሃ ሳቀብል ኖሬ፣ በስተመጨረሻ!
ፒቹንም ለእኔ አደራ ሰጠኝ። ቤቴ ላንድማርክ ሰፈር፣ ሜዳው ላለበት ፓርክ ቅርብ ነኝ። ፒች ማለት መሀል ላይ ያለችው ጠባብ፣ መላጣ የሸክላ መሬት ናት፤ ኳሷ የምትነጥረው እዚያ ነው። ትንሽ ከጎረበጠች ኳሷ ጥርስ ታወልቃለች።

እሑድ፣ ነሐሴ 12
ሥራ ላይ ስለነበርኩ የቡሄ ዋዜማ አመለጠኝ። አብረውን የሚኖሩት አባቴ፣ አባባ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ልጆች ይዘው ፓርክ ሄደው ነበር። እዚህ የተወለዱት ሆያ ሆዬን ይወቁ ብለው ዱላ ሲያዘጋጁ ነው የሰነበቱት። ደስ ብሏቸው ገቡ። ልጆቹ እንደ አገር ቤት ልጅ መሬቱን ሲደበድቡት አመሹ አሉኝ። ችቦም ለኩሰዋል፤ ሣሩ እንዳይቃጠል መላጣ ቦታ መርጠው፣ ሲያበቁ ውሃ ደፍተውበት። ጥንቁቅ ሰው ናቸው። እግዜር ይስጥልኝ ብያቸው ልተኛ ነው።

ሰኞ፣ ነሐሴ 13፣ ጠዋት
አለቀልኝ።
ፒቹ የዱላ ጉድጓድ ብቻ ሆኗል። መሀሉ ጠቁሯል፣ ተሰነጣጥቋል። ጫፉ ላይ የሙልሙል ቁራሽ ወድቋል። አንስቼ ኪሴ ከተትኩት።
ራፊቅን ኮል አደረግኩት። መጣ። ተንበርክኮ አፈሩን ዳሰሰው። የዱርዬ ሥራ ነው፣ ለፖሊስ ሪፖርት አደርጋለሁ አለ። የሰማኸው ነገር አለ ወይ አለኝ። የለም አልኩት። አባባ ፖሊስ ፊት ሲቆሙ ታየኝ። ልጆቹም ፓርኩን ሲከለከሉ። እናም የለም አልኩ። ሙልሙሉ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 15
አፈር ሞላን፣ ሮለር ጎተትን። ከሰዓት ዝናብ ወርዶ ጭቃ አደረገው። ራፊቅ ሥራ ቀርቶ ነው የዋለው። ሲለየኝ አቀፈኝ፤ ብራዘር፣ አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር አለኝ። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ።
ማታ አላስችል ብሎኝ ለአባባ ነገርኳቸው። ባዶ ሜዳ መስሎኝ እኮ ነው አሉ። ራታቸውን አልነኩም። ቆይተው ሰውየው የት ይገኛል ብለው ጠየቁኝ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 16
ዛሬ የፍልሰታ ጾም ተፈታ። አባባ ግን ሳይቀምሱ ውሰደኝ አሉ። ከአፓርታማው ጀርባ ትልቅ ድንጋይ አንሥተው መኪናው ውስጥ አስቀመጡ። ገባኝ። አባባ፣ እዚህ አገር ይሄን የሚያውቅ የለም፣ ይስቁብዎታል አልኳቸው። እኔ የበደልኩት ሰውየውን ነው፣ አገሩን አይደለም አሉኝ።
ሜዳው ደረስን። ድንጋዩን ጫንቃቸው ላይ አድርገው ራፊቅ ፊት አጎንብሰው ቆሙ። በዚያ ዕድሜ። ራፊቅ ምንድን ነው ነገሩ አለኝ።  ቡሄውን፣ ዱላውን፣ ችቦውን ነገርኩት። በደለኛ ድንጋይ ተሸክሞ ይለምናል፣ ይቅር ያለ ያወርድለታል የሚለውን ግን ገና አልነገርኩትም። ራፊቅ ድንጋዩ ከአባባ ጫንቃ ሊንሸራተት ሲል አይቶ ሮጠና ራሱ አወረደላቸው። አንክል ብሎ ወንበር አመጣላቸው። አባባ እጁን ይዘው አለቀሱ። ምን እንዳደረገ ያኔ ነገርኩት። ፈገግ አለ፤ እንግዲያው ይቅር ብያለሁ፣ ፖሊሱም ቀርቷል አለ።
ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። አንተ መቼ ነው ያወቅከው?
ሰኞ።
አባባን ብቻ ተሰናብቶ መኪናው ውስጥ ገባ።

ዓርብ፣ ነሐሴ 17፣ ከሰዓት
ፒቹ አልደርስ ብሎ ጨዋታው ሲልቨር ስፕሪንግ ወዳለ የሌላ ክለብ ሜዳ ተዛወረ። ራፊቅ ቴክስት አደረገልኝ፦ በቦታህ ሌላ ሰው ገብቷል። ይኸው ነው። ብራዘር እንኳ የለችበትም። ሦስቴ ደወልኩ፤ አያነሣም። ጨዋታውስ ይቅር። እዚህ አገር ወንድሜ ያልኩት አንድ ሰው እሱ ነበር፣ ዓይኑን እያየሁ ዋሸሁት።
አባባ በልተው ተኝተዋል፣ ያንኮራፋሉ። ቀናሁባቸው።
ድንጋዩ መኪናዬ ውስጥ ቀርቷል። ልጥለው ወጣሁ። አንሥቼ ጫንቃዬ ላይ ሞከርኩት። ከብዶ ነበር ለካ። ሰብለ በመስኮት አይታኝ ምን ሆነሃል አለች። ምንም አልኳት። መልሼ ትራንክ ውስጥ አስገባሁት።
ነገ ድንጋዩን ይዤ ሲልቨር ስፕሪንግ እሄዳለሁ። ባርቤዶሶቹም ይዩኝ፣ አሥራ አንዱም ይሳቁ። ራፊቅ ለአባባ ትርጉሙን ሳያውቅ ነው ያወረደላቸው። አሁን ያውቃል። እያወቀ እኔ ፊቱ ቆሜ ዝም ብሎ ካለፈ፣ ጨዋታው እስኪያልቅ ተሸክሜው እቆማለሁ።