በሩን ቆልፈው ውጭ ለቀሩት ኃላፊ

ለክቡር አቶ ካሶንዴ ሙሌንጋ
የሜዳው ጤና ጣቢያዎች የግንኙነት መረብ ኃላፊ
ሉሳካ

ክቡር ሆይ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤና እመኛለሁ፤ ወንበርዎ ደረቅ መሬት ላይ በመሆኑም ከልብ ደስ ይለኛል። እኛ የባሮትሴ ሜዳ ሰዎች ዛምቤዚ ሞልቶብን ወደ ከፍታው ከወጣን አንድ ወር ሊሆነን ነው። የግንኙነት ምሰሶው ብቻ ውሃው መሀል፣ ጉብታው ላይ ቀርቷል። ጤና ጣቢያችን ከሆስፒታሉ የሞተር ጀልባ የሚጠራው እዚያ ላይ ባለው መሣሪያ ብቻ እንደሆነ ለእርስዎ መንገር ድፍረት ይሆንብኛል። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

፩. ዓመቱን ሙሉ ጊዜ እያለልዎ ልክ ውሃው ጢም ባለበት ሳምንት ስላሰቡልን አመሰግናለሁ። ረቡዕ ዕለት ከሉሳካ ሆነው ደኅንነቱን ለማጥበቅ መሣሪያውን መጀመሪያ «ማንንም አታስገባ» አሉት፤ ቀጥለው «እኔን ግን አስገባ» ሊሉት ነበር። ታዛዥ ነውና የመጀመሪያውን ወዲያው ፈጸመ፤ ሁለተኛውን ይዘው ሲመጡ እርስዎንም አላስገባም። እኛም አብረን ተዘጋን።

፪. «አጥፍታችሁ አብሩት» የሚለው መልእክትዎ በዓሣ ነጋዴ ጀልባ ደረሰን። የምሰሶው ጠባቂ አባታችን ሲታሊ፣ በሰባ ዓመታቸው፣ ሐሙስ ዕለት በጤና ጣቢያው ብቸኛ ታንኳ ግማሽ ቀን ቀዝፈው ሄዱ። ሲመለሱ «ሲስተር፣ አጠፋሁት፣ አበራሁት፣ ግግም አለብኝ» አሉኝ። ለካስ እርስዎ ለውጡን ገና ሳይሞክሩት በቋሚነት አስቀምጠውት ኖሯል! ቢያጠፉት ቢያበሩት ያንኑ ያስታውሳል።

፫. «ትንሿን ቀዳዳ በምስማር ተጫኑ፣ ያልኩትን ሁሉ ይረሳል» ስላሉን ደግሞ አባታችን ሲታሊ ዓርብ ጠዋት እንደገና ሄዱ። ቀትር ላይ ኢኖንጌ የምትባል የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ በምጥ መጣች፤ ጽንሱ በጎኑ ተጋድሟል። መስመር የለም፤ ታንኳውም ምሰሶው ጋ ነው። እናቷ «ምን ቆመሽ ታያለሽ፣ ጀልባውን ጥሪ እንጂ!» እያሉ ጮኹብኝ። በምን ልጥራ፣ ክቡር ሆይ? መስመሩ አመሻሽ ላይ ተመለሰ፣ ጀልባውም መጣ። ኢኖንጌ ተርፋለች። ልጇ አልተረፈም።

ለወደፊቱ አንዲት ልመና አለችኝ። ሩቅ ያለ መሣሪያ ከመንካትዎ በፊት «በአሥር ደቂቃ ውስጥ ድምፄን ካልሰማህ ወደ ቀድሞው ተመለስ» ይበሉት። ወጥተው እንደገና መግባትዎን ሳያረጋግጡ ምንም ነገር በቋሚነት አያስቀምጡ። ይህን ከራሴ አላመጣሁትም፤ ውሃው ጎድሎ በነበረበት ወቅት መጥተው ያስተማሩን እርስዎ ራስዎ ነዎት፤ በደብተሬ ጽፌዋለሁ። አባታችን ሲታሊም ነገሩን ሳስረዳቸው «ሰውዬው ታንኳውን ሳያስር ነው እንዴ የወረደው?» ብለው ጠየቁኝ።

መስመሩ እስካለ ድረስ ትእዛዝዎን በትሕትና የምትጠባበቅ፣
ሲስተር ናሲሌሌ ሊካንዶ

ሳልጠቅሰው እንዳላልፍ፦ ዘገባዎ ደርሶናል። «አገልግሎት የተቋረጠበት ጊዜ፦ ሦስት ቀን። የደረሰ ጉዳት፦ የለም» ይላል። ኢኖንጌ ማንበብ ስለማትችል አንብቢልኝ አለችኝ፤ አነበብኩላት። «እስቲ ድገሚልኝ» አለች፤ ደገምኩላት። ሦስተኛ ጊዜ ስትጠይቀኝ ግን አልቻልኩም። እርስዎ መጥተው ያንብቡላት፤ ታንኳችን አሁን ነፃ ነው።