«ሰው የከፈለውን አላጠፋም» ስላሉት የዳታቤዝ ባለሙያችን ዕረፍት ከሠራተኞች ማኅበር የተሰጠ የሀዘን መግለጫ

የውኃ አገልግሎት መሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች ማኅበር፣ «ቀስ በሉ» እያልን የምንጠራቸው የዳታቤዝ ባለሙያችን ባደረባቸው ሕመም ማረፋቸውን ለአባላቱና ለደንበኞች የሚያሳውቀው ልቡ ተሰብሮ ነው። ቁጣም አለበት፤ አንደብቀውም።

ባለሙያዋ ሥራ የጀመሩት በገንዘብ ተቀባይነት ነበር። የሒሳብ ሲስተሙ ሲተከል ወደ ዳታቤዝ ክፍል ተዛወሩ። ቅጽል ስማቸውም የወጣው እዚያ ነው። ሲስተሙ በቆመ ቁጥር «አጥፍተው ያስነሱት» እያልን ስናጣድፋቸው «ቀስ በሉ! መጀመሪያ ልየው» ይሉን ነበር። ቁጡ ነበሩ፤ ማውዛቸውን አንዴ የነካ ሰው ሁለተኛ አይሞክራትም።

ባለፈው ዓመት፣ በሒሳብ መዝጊያ ሰሞን፣ የደንበኞች ክፍያ የተጠቃለለበት አንድ ባች ወደ ዋናው ሒሳብ ሳይተላለፍ መሐል ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። የከፈሉ ሰዎች እንዳልከፈሉ ሆነው ታዩ። ቆጣሪ ዘጊዎች መፍቻቸውን ይዘው ወጡ። አራስ ያለችበት ቤት ሳይቀር ውኃ ተቋረጠ።

የፋይናንስ ኃላፊው «ባቹን ከዳታቤዙ አጥፊው፤ የከፈለ ደረሰኙን ይዞ ይምጣ» ብለው አዘዙ።

ባለሙያዋ በሁላችንም ፊት «ሰው የከፈለውን አላጠፋም። እርስዎ መጀመሪያ ውኃ መዝጋቱን ያስቁሙ» አሏቸው።

ከዚያም የዳታቤዙን መጠባበቂያ ቅጂ ወሰዱ። ኩዌሪ በሚባለው የመጠየቂያ ትእዛዝ፣ አንዳች ሳይነኩ፣ ባቹን ማን እንደያዘው ፈለጉ። ለካ መብራት ሲጠፋ ድንገት የተዘጋ ኮምፒውተር «እያስተላለፍኩ ነው» የሚል ምልክት ትቶ ኖሯል፤ ሲስተሙ እሱን እየጠበቀ ነበር። ከባቹ ውስጥ አስቀድሞ የተላለፈ ክፍያ አለመኖሩን በሌላ ኩዌሪ አረጋገጡ። ያንን ምልክት ብቻ አንስተው ባቹን እንደገና አስተላለፉት። የአንድም ደንበኛ ክፍያ አልጠፋም፤ ውኃውም ተከፈተ።

ምስጋናው «ትእዛዝ ባለመቀበል» የሚል የቅጣት ደብዳቤ ሆነ። ባለሙያዋ ግድግዳው ውኃ ወደሚያንጠባጥበው ምድር ቤት፣ አሮጌ ፋይል እንዲያስተካክሉ ተላኩ። ሐኪማቸው «ከእርጥበት ይራቁ» ብሎ ጽፎላቸው ነበር። ወረቀቱን አያይዘን አመለከትን። አንብቦ የመለሰልን የለም። ኃላፊው ግን በዚያው ሰሞን ምክትል ሥራ አስኪያጅ ሆኑ።

ትናንት ሥራ አመራሩ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ «ታዛዥ ሠራተኛችንን አጣን» የሚል ጽሑፍ ለጥፏል። ውሸት ነው። እሳቸው ታዛዥ ቢሆኑ ኖሮ ስንቱ ቤት ይጠማ ነበር። ጽሑፉ ዛሬውኑ ይነሣ፤ የቅጣት ደብዳቤውም ከማኅደራቸው ይውጣ።

በቀብሩ ላይ ምክትል ሥራ አስኪያጁ የተጻፈ ንግግር ይዘው ብቅ ሲሉ፣ የባለሙያዋ ታላቅ እህት «በቁሟ አልሰማችዎትም፤ አሁንም አያሰሟትም። ወረቀቱን አጥፈው ኪስዎ ይክተቱት» ብለዋቸዋል። ማኅበሩ ከእህትየው ቃል ጎን ይቆማል።

ለባለቤታቸው፣ ለሴት ልጃቸው፣ ለእህታቸውና ለዳታቤዝ ክፍል ባልደረቦቻቸው ብርታቱን ይስጥልን። ለሥራ አመራሩ የምንለው የማጽናኛ ቃል የለንም።

የሠራተኞች ማኅበር